አፍ ለሌላቸው አፍ እንሁን



ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ድሆችን መርዳትን ከልጅነታችን ጀምራ አስተምራናለች። በየቁምስናው ለችግረኞች የሚሰበሰበው መባ፣ በዓመት በዓል ለነዳያን የሚዘጋጀው ማዕድ፣ ሕሙማንን የሚጎበኙት ማኅበራት የዚህ ትምህርት ፍሬዎች ናቸው፤ ስለ እነርሱም እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ይሁን እንጂ ለድሃ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ስለ ድሃ መናገር ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን በደስታ የምናደርግ ብዙዎች፣ ሁለተኛው ሲመጣ ወደ ኋላ እንላለን። መስጠት ምስጋና ያስገኛል፤ መናገር ግን ቅሬታን ያመጣልና።

በዚህ ጽሑፍ ስለ ሁለተኛው ግዴታ በአንድነት እናሰላስላለን፤ በተለይም በየቤታችን ስለሚያገለግሉት፣ እንዲሁም ባሕር ተሻግረው በሰው ቤት ስለሚደክሙት እኅቶቻችን እናስባለን።

አጋር በምድረ በዳ

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 16 እና 21 የአጋርን ታሪክ እናነባለን። አጋር በአብርሃምና በሣራ ቤት በባርነት የምታገለግል ግብፃዊት ነበረች። ታሪኩን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ይኸውም ሣራም ሆነች አብርሃም ስለ እርሷ ሲነጋገሩ ባሪያ ይሏታል እንጂ በስሟ ሲጠሯት አንሰማም። በመጀመሪያ በስሟ የጠራት በበረሃ በውኃ ምንጭ አጠገብ ያገኛት የእግዚአብሔር መልአክ ነው። ከየት እንደ መጣችና ወዴት እንደምትሄድ የጠየቃትም እርሱ ነው።

ኋላም አጋር ከልጇ ጋር ከቤት በተሰናበተች ጊዜ፣ አብርሃም ማልዶ ተነሥቶ እንጀራና የውኃ አቁማዳ በትከሻዋ ላይ አሸከማት። ነገሩ ለአብርሃም እጅግ አስጨናቂ እንደ ነበረ መጽሐፍ ይመሰክራል፤ እኛም በእምነት አባታችን ላይ ልንፈርድ አልተነሣንም። ዳሩ ግን ያ አቁማዳ እስከ ምን እንዳደረሳት እንመልከት። ውኃው በበረሃ መካከል አለቀ። እናቲቱም ልጇን ከቁጥቋጦ ሥር አስቀምጣ፣ ሞቱን ላለማየት ፈቀቅ ብላ አለቀሰች። ያን ጊዜ እግዚአብሔር የብላቴናውን ድምፅ ሰማ፤ የእናቲቱንም ዓይኖች ከፈተላት፤ እርሷም የውኃ ጉድጓድ አየች።

አቁማዳ በጎ ነገር ነው፤ መንገደኛ ያለ እርሱ አንድ ቀን አይውልም። ነገር ግን አቁማዳ ያልቃል፤ ሰጪው በሌለበትም አይሞላም። የውኃ ጉድጓድ ግን የተጠማው ሰው ማንንም ሳይለምን ጎንበስ ብሎ የሚቀዳበት ነው። ምጽዋትና ፍትሕም እንዲሁ ናቸው። ሠራተኛይቱ ስትታመም መድኃኒት መግዛት አቁማዳ ነው፤ ደመወዟ በየወሩ በእጇ እንዲገባ ማድረግ ጉድጓድ ነው። አሮጌ ልብስ መስጠት አቁማዳ ነው፤ የተመታችበትን ጉዳይ ዳኛ እንዲያየው ማድረግ ጉድጓድ ነው። በአማርኛችን አጋር ማለት ረዳት፣ ደጋፊ ማለት ነው። የቃሉ መመሳሰል የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም፣ አጋር የተባለችው ሴት በጭንቋ ቀን አጋር እንዳልነበራት ያሳስበናል።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ምእመናን ሐዋርያዊ አገልግሎት ባወጣው ሰነድ፣ በቁጥር 8፣ ይህንኑ ያስተምረናል። የፍትሕ ግዴታ አስቀድሞ መፈጸም አለበት፤ ለሰው በፍትሕ የሚገባውን ነገር የቸርነት ስጦታ አስመስሎ መስጠት አይገባም፤ የችግሩን ውጤት ብቻ ሳይሆን መንሥኤውንም ማስወገድ ያስፈልጋል ይላል። እንግዲህ ለድሃ የሚገባውን ከከለከልን በኋላ ከዚያው ላይ ቆንጥረን ብንመጸውት፣ ሰጪዎች አንባልም።

የጥብቅና መልእክት

ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ሳለ ለፊልሞና የጻፋት መልእክት አንዲት ምዕራፍ ብቻ ናት። ይህች አጭር መልእክት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ አንድ ባሪያ የቀረበች የጥብቅና ቃል ናት። ሐዋርያው ፊልሞና አናሲሞስን ከባሪያ የሚበልጥ የተወደደ ወንድም አድርጎ እንዲቀበለው ይማልዳል። አናሲሞስ የበደለው ወይም ያለበት ዕዳ ቢኖር በራሱ በጳውሎስ ላይ እንዲቆጠርም በእጁ ጽፎ ያረጋግጣል። ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን፤ ጳውሎስ የተገፋውን በስሙ ጠራው፤ ቃሉን ሊያደርግ ሥልጣን ላለው ሰው በግልጽ አቀረበ፤ የነገሩንም ኪሣራ ራሱ ሊሸከም ተዘጋጀ። ይህን የመጨረሻውን የማይቀበል ሰው ጥብቅናን ገና አልጀመረም።

ቅድስት ባኪታና ከጎኗ የቆሙት

ቅድስት ዮሴፊና ባኪታ በ1869 እ.ኤ.አ. ገደማ በጎረቤታችን በሱዳን፣ በዳርፉር ተወለደች። ገና ሕፃን ሳለች የባሪያ ነጋዴዎች ነጠቋት፤ ከድንጋጤዋ ብዛት ወላጆቿ ያወጡላትን ስም እንኳ ረሳች። ባኪታ በዐረብኛ ዕድለኛ ማለት ነው፤ ይህን ስም ያወጡላት የነጠቋት ሰዎች ነበሩ። በገበያ ደጋግማ ተሸጠች፤ ተገረፈች፤ ሰውነቷም በስለት ተተልትሎ ጠባሳው እስከ ዕለተ ሞቷ አልጠፋም። በ1883 እ.ኤ.አ. በካርቱም የኢጣልያ ምክትል ቆንስል ገዛት። ሰውዬው አልገረፋትም፤ በ1885 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ ሲመለስም ይዟት ሄደ፤ በዚያም ለአንድ ቤተሰብ ሰጣት። እርሷም የቤቱ ልጅ ሞግዚት ሆነች። እነሆ፣ ጅራፉ ቀርቶላት ነበር፤ ምግብም አልጎደለባትም። ነገር ግን ከእጅ ወደ እጅ እንደ ዕቃ የምትተላለፍ ነበረች።

በ1888 እ.ኤ.አ. እመቤቲቱ ቤተሰቡ ሆቴል ወዳለበት ወደ ሱዋኪን ስትጓዝ፣ ባኪታንና ሕፃኒቱን በቬኔዚያ በካኖሳ ደናግል የንኡሰ ክርስቲያን ቤት አስቀመጠቻቸው። ባኪታም በዚያ ትምህርተ ክርስቶስን ተማረች። እመቤቲቱ ተመልሳ ልትወስዳት በፈለገች ጊዜ ግን እንደማትሄድ ተናገረች። የቤቱ አለቃ የሆነችው እመምኔት ጉዳዩን ለቬኔዚያ ፓትርያርክ ለካርዲናል ዶሜኒኮ አጎስቲኒ አስታወቀች፤ ነገሩም ወደ ንጉሡ ዐቃቤ ሕግ ደረሰ። ኖቬምበር 29 ቀን 1889 እ.ኤ.አ. የኢጣልያ ሕግ ባርነትን ስለማያውቅ ባኪታ ነፃ መሆኗ ተወሰነ። ጃንዋሪ 9 ቀን 1890 እ.ኤ.አ. ተጠመቀች፤ በኋላም በዚያው ማኅበር ድንግል ሆና ምግብ በማብሰል፣ በጥልፍና በበር ጠባቂነት ስታገለግል ኖራ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1947 እ.ኤ.አ. በስኪዮ ዐረፈች። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ2000 እ.ኤ.አ. ቅድስናዋን ዐወጁ።

እነዚያ ደናግል ለባኪታ ማደሪያና ምግብ ብቻ ሰጥተዋት፣ እመቤቲቱ ስትመጣ በሰላምታ ሸኝተዋት ቢሆን ኖሮ፣ ደግ ሰዎች ተብለው በቀሩ ነበር። የተከበረ ቤተሰብን ላለማስቀየም ዝም ማለት ይቀላቸው ነበር። እነርሱ ግን አንኳኩ፣ አመለከቱ፣ እስከ ፍርድ ድረስም ጸኑ። ደግሞም በባኪታ ፋንታ አልወሰኑላትም። አስቀድማ የተናገረች እርሷ ናት፤ እነርሱ ድምፅዋ ከሚሰማበት ቦታ እንዲደርስ አደረጉ። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባላል። መጽሐፈ ምሳሌ ደግሞ በምዕራፍ 31 ለራሳቸው መናገር ስለማይችሉት አፋችንን እንድንከፍት፣ ለድሃውና ለችግረኛው በጽድቅ እንድንፈርድ ያዘናል። አፍ የሌላቸው የምንላቸው ብዙዎች አፍ አላቸው፤ ያጡት ሰሚ ነው።

በየቤታችን

ይህ ሁሉ የሩቅ አገርና የሩቅ ዘመን ነገር አይምሰለን። በአገራችን ባርነት በ1942 እ.ኤ.አ. በአዋጅ ተሽሯል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 18 ባርነትንና በሰው መነገድን ይከለክላል። የቤት ሠራተኞችን በተመለከተ ግን፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የግል አገልግሎት የሥራ ሁኔታን ወደፊት በሚወጣ ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። ሕግ በዝርዝር ባልደረሰበት ቤት ውስጥ የክርስቲያን ሕሊና ይበልጥ ይጠየቃል።

ብዙዎቻችን ሠራተኛችንን እንደ ልጃችን እንደምናያት እንናገራለን። እንግዲያውስ ልጃችን በጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ እርሷ ወዴት ትሄዳለች? ልጃችን በእሑድ ከጎናችን ቆማ ስታስቀድስ ቤቱን የምትጠብቀው ማን ናት? ልጃችን ታማ ስትተኛ ከአልጋዋ የሚቀሰቅሳት አለን? ሌሎቻችን ደግሞ ደመወዟን አገሯ ስትገባ አጠራቅመን እንሰጣታለን እንላለን፤ በወሩ መጨረሻ ግን ሒሳቡን የምታውቀው እርሷ አይደለችም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 34 የሠራተኛን ደመወዝ የሚያስቀር ሰው ደም እንደሚያፈስ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሐዋርያው ያዕቆብም በምዕራፍ 5 የተከለከለው ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽና ጩኸቱ ወደ እግዚአብሔር ጆሮ እንደሚደርስ ያስጠነቅቃል። በገዛ ቤታችን ይህ ጩኸት እያለ የምንዘምረው መዝሙር እንዴት ይሰማ?

የጎረቤትን ነገር መናገር ነውር ነው፣ የሰውን ገመና መግለጥ አይገባም የሚሉም አሉ። የሰውን ገመና መሸፈን በእርግጥ መልካም ልማዳችን ነው። ነገር ግን ገመና የሰው ድካም መሸፈኛ ነው እንጂ የዱላ መሸሸጊያ አይደለም። በሌሊት ከግድግዳው ማዶ የአንዲት ልጅ ልቅሶ እየሰማን በማግሥቱ ከአሠሪዋ ጋር ቡና የምንጠጣ ከሆነ፣ ዝምታችን ለማን እንደ መሰከረ ራሳችንን እንጠይቅ።

ባሕር ማዶ

በአንዳንድ የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ካፋላ የሚባለው ሥርዓት የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር ያስራል። አሠሪው ቢበድላትና ያለ ፈቃዱ ከቤት ብትወጣ፣ ተበዳይዋ ሕገ ወጥ ሆና ትገኛለች። አንዳንድ መንግሥታት ሥርዓቱን ቢያሻሽሉም፣ በር ተዘግቶባቸው በሚሠሩት የቤት ሠራተኞች ዘንድ ለውጡ በቀላሉ አይደርስም። በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ተባረው ተመለሱ። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሊባኖስ የኑሮ ቀውስ በጸና ጊዜ፣ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው በቤይሩት ከቆንስላችን ደጅ ጥለዋቸው ሄዱ፤ ብዙዎቹም ያልተከፈለ ደመወዝ ነበራቸው። በአጋር ትከሻ ላይ አቁማዳ እንደ ነበረ ሁሉ፣ ከእነዚህም አጠገብ የነበረው አንዳንድ ሻንጣ ነው። በዚያ አገር የሚገኘው የካቶሊካውያን የበጎ አድራጎት ድርጅት ካሪታስ፣ ለስደተኛ ሠራተኞች መጠለያ ከመስጠት ጋር የሕግ ድጋፍም ያደርጋል። አቁማዳውና ጉድጓዱ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ይህ ምስክር ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከገዛ ቤታችን እንጀምር። ሠራተኛችንን በስሟ እንጥራት፤ ደመወዟን ሳናሳድር በእጇ እንስጣት፤ የዕረፍት ቀን፣ የትምህርት ሰዓትና ከወላጆቿ ጋር የምትነጋገርበት ዕድል ይኑራት። ሁለተኛ፣ በየቁምስናችን ስለ ፍትሕ የሚሠሩ ምእመናን የተበደለች እኅት ስታጋጥማቸው መክረው ብቻ አይሸኟት፤ ወደ ፖሊስ፣ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ፍርድ ቤት አብረዋት ይሂዱ፤ ያዩትንም ይመስክሩ። ሕግ የሚያውቁ ልጆቻችን ከዕውቀታቸው ዐሥራት ያውጡ። ሦስተኛ፣ ወደ ውጭ አገር የሚሄዱትን ደላላ ከሚነግራቸው በፊት እውነቱን እንንገራቸው፤ ውላቸውንም አብረን እናንብብላቸው። የተመለሱትን ደግሞ ምን ይዘሽ መጣሽ ብለን አንጠይቃቸው፤ ምን ደረሰብሽ ብለን እንስማቸው እንጂ።

ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ባለው ዓለማዊ ጉዳይ ለምን ትገባለች የሚል ቢኖር፣ የቬኔዚያው ፓትርያርክ ሥልጣን ፈልጎ እንዳልነበረ እናስታውሰው። በሩ ላይ የቆመችው ሴት የእግዚአብሔር መልክ ያላት ስለሆነች ዝም ሊል አልቻለም።

የተወደዳችሁ፣ ቅዱስ ዮሐንስ በመጀመሪያ መልእክቱ በምዕራፍ 2 ክርስቶስን በአብ ዘንድ የሚቆምልን ጠበቃ ይለዋል። እኛ በራሳችን ጽድቅ ልንቆም ስላልቻልን እርሱ ቆመልን፤ ዕዳችንንም በራሱ ላይ አስቆጠረ። ጠበቃ የቆመለት ሕዝብ ጠበቃ ላጡት የማይቆም ከሆነ፣ የተቀበለውን ጸጋ ገና አላወቀም። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቅድስት ባኪታ በዓል ፌብሩዋሪ 8 ቀን፣ በእኛ የካቲት 1 ገደማ፣ በሰው መነገድን በመቃወም የጸሎት ቀን ሆኖ ይከበራል። በዚያ ቀን ቤታችንን የምትጠብቀው እኅት ከእኛ ጋር ወደ ቅዳሴ ትምጣ፤ በሩን ለአንድ ሰዓት እንቆልፈው።

የአጋርን ልጅ ድምፅ የሰማህ አምላክ ሆይ፣ የተዘጋ በር የሸፈነውን ጩኸት እንድንሰማ ጆሮአችንን ክፈት፤ የሰማነውንም በፍቅርና ያለ ፍርሃት እንድንናገር አንደበታችንን ፍታልን። በቅድስት ባኪታ አማላጅነት የታሠሩትን አስፈታ፤ አሳሪዎችንም መልስ። አሜን።