የአሳማ ሙቀትና የርኩሰት ጥያቄ

አሳማ ላብ የለውም ቢባል ከእውነት አይርቅም። ላብ አመንጪ ዕጢዎቹ ሰውነቱን ለማቀዝቀዝ አይበቁም። የሰውነቱን ሙቀት 39 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ለማቆየት ያለው አማራጭ ማለክለክ፣ ጥላ መፈለግና በውሃ ወይም በጭቃ መንከባለል ነው። ምግብ መፍጨት በራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ በሐሩር ጊዜ መብላት ይቀንሳል። ደሙ ሙቀት ለማስወጣት ወደ ቆዳው ስለሚያመዝንም አንጀቱ ይጎዳል። በብርድ ጊዜ ደግሞ አብዝቶ ይበላል፤ ምግቡ ግን ቶሎ ስለሚያልፍ ሳይፈጭ የሚወጣው ይጨምራል፤ ከተፈጨውም ብዙው ሥጋ መሆኑ ቀርቶ ሰውነት ማሞቂያ ይሆናል።

የአሳማ አካልና አመጋገብ የእንስሳት ሐኪም ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 እርያን (አሳማን) የሚከለክለው ሰኮናው ቢሰነጠቅም ስለማያመሰኳ ነው፤ መለያው ከምግብ አፈጫጨቱ የተወሰደ ነው። መጽሐፉ ምልክቱን ይሰጣል እንጂ ምክንያቱን አያብራራም። ስለዚህ ምክንያቱን ሌሎች ፈለጉለት። በ12ኛው መቶ ዘመን የኖረው አይሁዳዊው ሐኪምና ፈላስፋ ማይሞኒደስ ሥጋው ከሚገባው በላይ እርጥበት አለው፣ እንስሳው ራሱም ቆሻሻ ወዳድ ነው ብሎ ጻፈ። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ማርቪን ሃሪስ ደግሞ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን ወደ አየር ጠባይ ወሰደው፤ በደረቁና በሞቃታማው መካከለኛው ምሥራቅ ጥላና ውሃ የሚሻ፣ የሰውን እህል የሚሻማ እንስሳ ማርባት ኪሳራ ስለነበር ሃይማኖቱ ከለከለ አለ።

የማይሞኒደስን ክስ የእንስሳው ጠባይ ራሱ ያዳክመዋል። በቂ ቦታና ቅዝቃዜ ያገኘ አሳማ መኝታውን ከሚጸዳዳበት ይለያል፤ በገዛ ፋንድያው ላይ የሚተኛው አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ሲያስጨንቀው ነው። ነውር ተደርጎ የተቆጠረበት ነገር ላብ የሌለው አካል ራሱን የሚያድንበት ዘዴ ነው።

የሃሪስ ሐሳብ ይበልጥ ያሳምናል፤ ወደ አዲስ አበባ ምዕራብ፣ ወደ ቀራንዮ ሲመጣ ግን ይፈተናል። አካባቢው ደጋ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። እዚህ አሳማ አርቢን የሚያሳስበው፣ ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት የሚፈልገው አዲስ የተወለደ ግልገል ብርድ ነው፤ ያደገውን የሚገድል ሐሩር የለም። ክልከላው የሙቀት ውጤት ቢሆን ኖሮ በደጋው በላላ ነበር። የቀራንዮ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ምእመንም የአጎራባቹ የኮልፌ ሙስሊምም ግን ዛሬም አሳማ አይበሉም። ሕጉ ከሞቃት አገር መጣ ቢባል እንኳ፣ በደጋ ያጸናው ሙቀቱ ሳይሆን መታዘዙ ነው።

ግመልም ሌላ ማስረጃ ነው። በረሃን የሚችል ግመል በዚያው የዘሌዋውያን ምዕራፍ ተከልክሏል፤ በእስልምና ግን ይበላል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን አይበላውም፤ ሙስሊሙ ይበላዋል። ሁለቱ በአሳማ ተስማምተው በግመል የሚለያዩት በየሃይማኖታቸው ሥርዓት እንጂ በአየር ጠባይ አይደለም። ቁርኣንም በሱረቱል በቀራ 173 የአሳማን ሥጋ ከልክሎ፣ በችግር ተገዶ የበላ ሰው ግን ኃጢአት የለበትም ይላል።

አጼ ገላውዴዎስ ጥያቄውን ከእንስሳው አካል ያወጡት ከሃሪስ እጅግ ቀድመው ነው። ኢትዮጵያውያን የአይሁድን ሥርዓት ይከተላሉ ለሚለው የካቶሊክ ሚስዮናውያን የኢየሱሳውያን ክስ በ1555 እ.ኤ.አ. በሰጡት የእምነት መግለጫ፣ ከአሳማ መታቀብ የኦሪትን ሕግ እንደ አይሁድ ለመጠበቅ እንዳልሆነ አስረዱ። የሚበላው አይረክስም፤ የማይበላውም እንዲበላ አይገደድም ሲሉ በሐዋርያው ጳውሎስ የሮሜ መልእክት ላይ ተመሥርተው ጻፉ።