ገበታውና ጠራቢው

የሰውን ሥራ ወደ ቤት አስገብቶ ሠሪውን ከደጅ ማስቀረት ይቻላልን? ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያስገደደን አንድ የዋንዛ ገበቴ ነው። ገበቴው በአንድ ጓደኛችን ሻንጣ ከአገር ቤት መጥቶ፣ ተማሪዎች በምንሰበሰብበት ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «የባህላችን ምልክት ነው» እያልን እናሳየው ነበር። በብርዱ ወራት ግን ከማሞቂያው በላይ እንደ ተሰቀለ ከአፉ እስከ ወገቡ ተሰነጠቀ። ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ፣ «ለመሆኑ ይህን የጠረበው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ። የእንጨቱን ስም እናውቃለን፤ የተገዛበትንም ገበያ እናውቃለን። የጠራቢውን ስም የሚያውቅ ግን አልተገኘም።

በቋንቋችን «ገበታ» የሚለው ቃል የእንጨት ዕቃ ስም ሆኖ ሳለ ማዕዱን ራሱን ለመጥራት በቅቷል። «ገበታ ቀረበ» ስንል ምግቡን፣ «ገበታ ተነሣ» ስንል የመብሉን ፍጻሜ ማለታችን ነው። ማንበብ የተማርንበትም የፊደል ገበታ ይባላል። በአንድ ገበታ የበሉ ሰዎች እንዲተማመኑ ይጠበቃል፤ ከክህደትም ሁሉ የሚከፋው አብሮ የበላ ሰው ክህደት ነው። እንግዲህ ወዳጅነታችንን የምንለካበት ቃል ከጠራቢ እጅ የወጣ ዕቃ ስም ነው ማለት ነው።

ይህ እጅ ምን ይሠራል? ግንዱን በምሳር ጥሎ፣ በመጥረቢያ ቅርጽ አስይዞ፣ ሆዱን ፈልፍሎ፣ ውስጡን ልጎ ያለሰልሳል። እርጥብ እንጨት በፀሐይ ቢደርቅ ስለሚሰነጠቅ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይተወዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ድርሻ የባለቤቲቱ ነው። ሊጥ ሲቦካበት፣ እህል ሲቀርብበት፣ ቅቤ ሲነካው ዕድሜው ይረዝማል። ያለ ሥራ የተሰቀለ ገበቴ ግን ይደርቃል፤ የእኛም የደረሰበት ይኸው ነው።

ወደ ሠሪው እንመለስ። በጉራጌ አገር እንጨት ሲጠርቡና የቤቱን ምሰሶ ሲያቆሙ የኖሩት፣ ጎረቤቶቻቸው «ፉጋ» የሚሏቸው ወገኖች ናቸው፤ ስሙም እንደ ስድብ ሲነገር ኖሯል። እጃቸው ያረፈበት መሬት ለምነቱን ያጣል ተብሎ ይታመን ስለ ነበር እርሻ እንዳያርሱ ተከለከሉ። ከሌላው ጋር አይጋቡም፤ በማዕድም አይቀላቀሉም ነበር። በደቡብ በብዙ ስፍራ ለእንደነዚህ ያሉ ባለሙያዎች ምግብ ሲሰጥ፣ ዕቃው እንዳይረክስ በሚል በእንሰት ቅጠል ነበር። ገበታውን የፈለፈለው እጅ ከቅጠል ላይ በላ! ይህን ስንል አንድን ሕዝብ ለይተን ለመውቀስ አይደለም። በሰሜኑም ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባሉ ሲፈሩና ሲገፉ ኖረዋል፤ ማረሻውና ምጣዱ ግን ከማንም ቤት አልተባረረም።

«ይህ የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት ነው፤ ሥርዓቱ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል» የሚል መልስ በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነበር። ታሪክ ግን እንዲህ ቀላል አልሆነም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ከልክለዋል። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ተሰለፉ፤ እንዳያርስ የተከለከለው ጠራቢ በዚያ መፈክር ውስጥ ስፍራው የት እንደ ነበር የጠየቀ ጥቂት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ መሬት ፈቀደ። የ1987ቱም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደነገገ። እነዚህ ታላላቅ እርምጃዎች ናቸው። ሆኖም መሬት በአዋጅ ሊሰጥ ይችላል፤ ገበታን የሚሰጥ ግን በገበታው ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ፕላስቲኩና ቆርቆሮው የእንጨቱን ዕቃ እየተካው ስለ ሆነ ጉዳዩ በራሱ ጊዜ ያልቃል» ይላሉ። ይህ መፍትሔ አይደለም። ጠራቢው እንጀራውን ያጣል፤ ንቀቱ ግን ወደ ልጆቹ ይተላለፋል።

እኛስ? እዚህ ላይ ግለ ሂስ ማድረግ ግዴታችን ነው። በሰው አገር ሳህን እያጠብን በምንማርበት ጊዜ፣ ምግቡን በልተው አጣቢውን ቀና ብለው የማያዩ ሰዎች አስቆጥተውናል። ይሁን እንጂ ገበቴውን በግድግዳ ላይ ሰቅለን ጠራቢውን ስንዘነጋ የሠራነው ያንኑ ነው። ሥራው የሰውየው ድካምና ዕውቀት ስለ ሆነ፣ ሥራውን አክብሮ ሠሪውን መናቅ ክብር ሳይሆን ዘረፋ ነው።

ገበቴውን ከግድግዳ አውርደን ቅቤ ቀብተነዋል። ስንጥቁ ስላልገጠመ ሊጥ ባይዝም ዳቦ ይቀርብበታል። ለጓደኛችንም ቤተ ሰቦች ጽፈን የጠራቢውን ስም እንዲጠይቁልን ለምነናል። ስም መጠየቅ ትንሽ ነገር መሆኑን እናውቃለን። ትልቁ ጥያቄ አገር የገባን ዕለት ይጠብቀናል፤ እርሱም ያ ሰው ከቤታችን ቢመጣ ከየትኛው ዕቃ ላይ፣ ከማንስ ጋር ይበላል የሚለው ነው።