የተደበቀችው ኩሽኔታ፦ ያገለገለ ስፖርት መኪና ስንገዛና ኢንሹራንስ ስንገባ

  

 እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመን የምናወራው የሚታወቅ ነው፤ የቤት ኪራይ፣ የልጆች ቁርኣን፣ የአገር ቤት ወሬ፣ ከዚያ መኪና። አሁን አሁን በእኔ እድሜ ያሉ ወንድሞች የቆየ ስፖርት መኪና ወደ መግዛት አዘንብለዋል። አንዱ ማዝዳ ሚያታ ይፈልጋል፣ ሌላው ሆንዳ ኤስ 2000። እኔ የ2000 ሞዴል ፖርሽ ቦክስተር ስላለኝ ጥያቄው ወደኔ ይመጣል፤ የመጀመሪያው ጥያቄም ሁልጊዜ «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» የሚል ነው። 217 ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ስላለ ይህችን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ወደድኩ። በሙያዬ መካኒካል መሐንዲስ እንጂ ሙፍቲ አይደለሁም። በፊቅሁ በኩል ዑለማዎች ያሉትን አስተላልፋለሁ፤ ስለ ብረቱና ስለ ወረቀቱ ግን የማውቀውን እናገራለሁ።

ፈረስ ካልን አይቀር፣ ፈጣን መጓጓዣ መውደድ በራሱ ነውር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለሩጫ የሰለጠኑ ፈረሶችን ከሐፍያእ እስከ ሰኒየተል ወዳዕ ድረስ ያወዳድሩ እንደነበር፣ ዐብደላህ ኢብን ዑመርም (ረ.ዐ.) ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ እንደነበሩ ቡኻሪ ዘግበውታል። በሌላ ሐዲስ ደግሞ ፈረስ ለአንዱ ምንዳ፣ ለሌላው ከችግር መከለያ፣ ለሦስተኛው ወንጀል እንደሚሆን ተነግሯል። ሦስተኛው ለታይታና ለኩራት ያሰራት ሰው ነው። የጭስ ማውጫውን ቀይሮ ለሱብሒ ሰላት ሲመጣ ሰፈሩን በሙሉ የሚቀሰቅስ ወንድም ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ እሱው ያስብበት። የልጆቹን ወጪ ሳይሸፍን ለመጫወቻ መኪና ገንዘብ የሚያወጣም እንዲሁ። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የአሮጌ መኪና አንድ በጎ ጎን ግን ልጥቀስ፤ ባንኮች ሃያ አምስት ዓመት ለሞላው መኪና ብድር ለመስጠት ብዙም አይጓጉም። ሰውየው ገንዘቡን አጠራቅሞ በጥሬው ስለሚገዛ ከወለድ ይድናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የቦክስተር ሞተር ያለው ከወንበሮቹ ጀርባ፣ በመኪናው መሐል ነው። ኮፈን ከፍቶ ሞተር ማየት የለመደ ሰው የፊቱን ቢከፍት የዕቃ ቦታ፣ የኋላውንም ቢከፍት የዕቃ ቦታ ነው የሚያገኘው። ሞተሩ አይታይም። በዚያ በማይታየው ሞተር ውስጥ ደግሞ ከክራንክሻፍቱ ዙረትን ተቀብሎ ወደ ካምሻፍቶቹ የሚያስተላልፍ መካከለኛ ሻፍት አለ። ይህ ሻፍት በአንድ ጫፉ የሚያርፈው የታሸገች ትንሽ ኩሽኔታ ላይ ነው። የኩሽኔታዋ ማሸጊያ ሲያረጅ ውስጧ ያለው ግሪስ በሞተር ዘይት እየታጠበ ያልቃል፤ ከዚያ ትበላለች። ከተሰበረች የክራንክሻፍቱና የካምሻፍቶቹ ቅንብር ይፋለሳል፤ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ሞተሩ በሰከንዶች ውስጥ ቁርጥራጭ ብረት ይሆናል። የሌላ ሞተር ዋጋ የመኪናውን ዋጋ ሊያክል፣ ሊበልጥም ይችላል። ጉዳዩ በአሜሪካ በቡድን ክስ ቀርቦ በስምምነት ያለቀ ስለሆነ ምስጢር አይደለም። ሁሉም አይሰበሩም፤ አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ነገር ግን መኪናውን ዞሮ በማየት የትኛዋ እንደምትሰበር ማንም አያውቅም። ኩሽኔታዋን ለመቀየር ካምቢዮ መውረድ አለበት። ስለዚህ አስተዋይ ባለቤት ፍሪሲዮን ሲያስቀይር አብሮ ያስቀይራታል። መካኒክም ፍንጭ ማግኘት ከፈለገ የዘይት ፊልተሩን ቀዶ የብረት ብናኝ ይፈልጋል።

የእህሉን ክምር ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ክምሩ ቢሰዱ ከላይ ደረቅ የመሰለው ከውስጥ ረጥቦ አገኙት፤ ሻጩንም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት። ሙስሊም ዘግበውታል። እኔ ግን ስለ መኪና ሳስብ ይበልጥ የሚመጣብኝ ኢማም አሕመድ የዘገቡት የዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። አንድ ሰው ግመል ገዝቶ ይዟት ሲወጣ ዋሲላ ተከትለው ደረሱበትና ያለባት ነገር ተነግሮህ ነው ወይ አሉት። ሰውየው ግመሏ የሰባች፣ ከላይም ጤነኛ መሆኗን ነገራቸው። ዋሲላ ለሥጋ ነው ወይስ ለጉዞ ሲሉ ጠየቁት፤ እሱም ሐጅ ሊሄድባት እንደሆነ መለሰ። እንግዲያው መልሳት፣ ሰኮናዋ ቀዳዳ አለበት አሉት። ሻጩ ሽያጬን አበላሸህብኝ ብሎ ሲቆጣ፣ ዋሲላ ነውሩን ሳይገልጹ መሸጥ፣ ነውሩን የሚያውቅ ሰውም ዝም ማለት እንደማይፈቀድለት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስማታቸውን ነገሩት።

ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ ለሥጋ ለሚፈልጋት የሰኮና ቀዳዳ ምንም አይደለም። ለሐጅ ጉዞ ግን ሁሉም ነገር ነው። መኪናውን ለመለዋወጫ ለሚገዛ ሰው የኩሽኔታዋ ሁኔታ ቁም ነገር አይደለም፤ በየእሑዱ ቤተሰቡን ይዞ ሸናንዶዋ ተራራ ለሚወጣ ግን የሕይወትና የኪስ ጉዳይ ነው። ሁለተኛውና የሚከብደው ደግሞ ዋሲላ የተናገሩት ገዢም ሻጭም ሆነው አይደለም። የእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ መኪና የሚሸጠው በሰው በሰው ነው። ደላላው ያውቃል፣ መኪናውን ሲጠግን የከረመው መካኒክ ያውቃል፣ አብሮ ሊያይ የሄደው ጓደኛም አንዳንዴ ያውቃል። «በሰው ገበያ ምን አገባኝ» ማለት ለእነዚህ ሁሉ የተዘጋ በር ነው።

እዚህ አገር «እንዳለ ነው የምሸጠው» የሚባል አሻሻጥ አለ። ያገለገለ መኪና በግለሰቦች መካከል ሲሸጥ በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ በሕጉም ገዢው ከፈረመ በኋላ መመለስ ከባድ ነው። ሙስሊም ሻጭ በዚህች ቃል መሸሸግ ይችላል ወይ? በኢማም ማሊክ ሙወጠእ ውስጥ የተዘገበ አንድ ፍርድ መልሱን ያሳያል። ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) በዘመኑ ልማድ አንድ አገልጋይ ለነውር ኃላፊነት እንደማይወስዱ ተናግረው በ800 ዲርሃም ሸጡ። ገዢው ሳይነገረኝ ሕመም ተገኘበት ብሎ ከሰሰ። ኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ.) ሲሸጡ የሚያውቁት ነውር እንዳልነበረ ኢብን ዑመር እንዲምሉ ፈረዱ። ኢብን ዑመር ከመማል ይልቅ መልሶ መቀበልን መረጡ። «እንዳለ ነው» የሚለው ቃል ሻጩ የማያውቀውን ይሸፍናል፤ የሚያውቀውን ግን አይሸፍንም። ኩሽኔታዋ ተቀይራ እንደሆነ የማያውቅ ሰው «አላውቅም» ቢል እውነቱን ተናግሯል። ጧት ሲያስነሳው የሚንኳኳ ድምፅ እየሰማ ገዢው ከመምጣቱ በፊት ሞተሩን አሙቆ የሚጠብቅ ሰው ግን እርጥቡን እህል ከታች አድርጓል።

የእኔን መኪና የሸጡልኝ ሙስሊም ያልሆኑ አንድ አዛውንት አሜሪካዊ ናቸው። ገና ሳልጠይቃቸው የሸራ ጣሪያው የውሃ መውረጃ አንድ ጊዜ ተደፍኖ ውሃ ከወንበሩ ስር እንደገባ፣ ኩሽኔታዋም ተቀይራ እንደማታውቅ ነገሩኝ፤ የጥገና ደረሰኞቹንም በአንድ ፎልደር አስረከቡኝ። ዋጋውን የቀነሱልኝ ራሳቸው ናቸው። ከሸሪዓችን አደብ ይህን የሚያህለውን በሌላ ሰው እጅ ሳየው ደስም አለኝ፣ ቅናትም ያዘኝ።

ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ደግሞ ወረቀት ይመጣል። ቨርጂኒያ የመኪና ሽያጭ ግብር 4.15 በመቶ ነው፤ ለቆየ መኪና ደግሞ ግብሩ የሚሰላው በሽያጭ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው። ስለዚህ «12,000 ዶላር ተከፍሎ 4,000 ብለን እንጻፍ» የሚል ሐሳብ ከሻጭም ከገዢም ይነሳል። ልዩነቱ 332 ዶላር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከታላላቅ ወንጀሎች ሲቆጥሩ ተደግፈው ነበር፤ የሐሰት ቃልና የሐሰት ምስክርነት ላይ ሲደርሱ ግን ቀና ብለው ተቀመጡ፣ ሶሐቦችም በዝምታ ባረፉ እስኪሉ ድረስ ደጋገሙት። ፊርማ ምስክርነት ነው። በ332 ዶላር የሚሸጥ አይመስለኝም።

ኢንሹራንስን በተመለከተ የዑለማዎች ንግግር ረጅም ነው። በ1836 ያረፉት የደማስቆው ሐነፊ ሊቅ ኢብን ዓቢዲን ስለ መርከብ ጭነት ኢንሹራንስ ጽፈዋል። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1985 ጂዳ ላይ፣ የንግድ ኢንሹራንስ ውሉን የሚያበላሽ ከፍተኛ ገረር፣ ማለትም ውጤቱ ያልታወቀ ነገር ስላለበት እንደማይፈቀድ ወስኖ በመዋጮ ላይ የቆመውን የመረዳጃ ኢንሹራንስ በምትኩ አቅርቧል። እንደ ሙስጠፋ አዝ-ዘርቃ ያሉ ሊቃውንት ደግሞ የተለየ አስተያየት ነበራቸው። ሕግ ያስገደደውን ያህል መግባት ግን ክልከላውን ከሚይዙትም ብዙዎች የሚቀበሉት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ 2024 ሰኔ ወር መጨረሻ ድረስ 500 ዶላር ለመንግሥት ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር፤ ያ ክፍያ ግን ለተጎጂው ሰባራ ሳንቲም አይሰጥም። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ተሽሯል። ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ደግሞ ዝቅተኛው የሦስተኛ ወገን ሽፋን ለአንድ ሰው አካል ጉዳት 50,000፣ በአንድ አደጋ ለሚጎዱ ሁሉ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ሆኗል። የራሳችንን መኪና የሚሸፍነው ክፍል ግን፣ የባንክ ዕዳ ከሌለበት፣ ሕግ አያስገድደውም። ግዴታ የሚፈቀደው በልኩ ነው የሚለውን መርህ የሚይዝ ወንድም እዚያው ላይ ቆሞ የቀረውን አረቦን በየወሩ ለጥገና ቢያስቀምጥ ለአሮጌ መኪና የሚያዋጣ ስሌት ነው። ከዚያ በላይ መግባት የሚፈልግ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ።

የእኔ ጭንቀት ግን ከውሉ ይልቅ ቅጹ ላይ ነው። ቅጹ መኪናው የት ያድራል፣ ማን ይነዳዋል፣ በዓመት ስንት ማይል ይሄዳል ብሎ ይጠይቃል። አሌክሳንድሪያ መንገድ ዳር የሚያድረውን መኪና ገጠር ባለ ዘመድ አድራሻ ማስመዝገብ፣ የሃያ ዓመቱን ልጅ መኪና በእናቱ ስም አድርጎ ልጁን አለመጥቀስ ተለምዷል። ሃያ አምስት ዓመት ለሞላው መኪና የሚሰጠውን የ«አንቲክ» ታርጋ አውጥቶ በየቀኑ ሥራ የሚመላለስበትም አለ፤ ያ ታርጋ ግን ለዕለት ሥራ መመላለሻ አይፈቅድም። እዚህ ላይ ሻጩም ነውሩን የሚያውቀውም እኛ ነን፤ እጁን ወደ ክምሩ መስደድ የማይችለው ኩባንያው ነው።

«ኢንሹራንስ እኮ ራሱ ሐራም ነው፤ እነሱን ማታለል ምን አለበት?» የሚል ወንድም ሰምቻለሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ሲሰደዱ ቁረይሾች ሊገድሏቸው ያሴሩባት ሌሊት ነበረች። በእጃቸው የነበረው የእነዚያው ሰዎች አማና ለየባለቤቱ እንዲመለስ ግን ዐሊይን (ረ.ዐ.) መካ ላይ አስቀሩ። ለሚያሳድድ ጠላት ያልቀረ አማና ለኢንሹራንስ ኩባንያ አይቀርም። በዚያ ላይ ውሸቱ የሚጎዳው ኩባንያውን ብቻ አይደለም። አደጋ ደርሶ የተሳሳተ አድራሻ ወይም ያልተጠቀሰ ሹፌር ሲገኝ ኩባንያው ካሳ አልከፍልም ብሎ ሊከራከር፣ ውሉንም ሊሰርዝ ይችላል። ያኔ መሐል መንገድ ላይ የሚቀረው የተገጨው ሰው ነው፤ ምናልባትም በኡበር ልጆቹን የሚያሳድግ የሰፈራችን ሰው።

ሙሉ ሽፋን ለሚገቡ አንድ ነገር ልጨምር። በተለመደው ውል መኪናው ከጥቅም ውጪ ቢሆን የሚከፈለው የዕለቱ የገበያ ዋጋ ነው፤ ለቆየ ስፖርት መኪና ይህ ብዙ ጊዜ ያስጨቃጭቃል። በክላሲክ መኪና ውል ግን ዋጋውን ሁለቱ ወገኖች ከመጀመሪያው ይስማሙበታል፤ ገረሩን የሚቀንስ ስለሆነ እኔ ይህኛው ይሻለኛል። ባለቤቱ የተናገረውን ዋጋ ጽፎ፣ አደጋ ሲደርስ ግን ከዚያና ከገበያው ዋጋ ያነሰውን የሚከፍል ሦስተኛ ዓይነትም ስላለ ሳይፈርሙ ማንበብ ነው። በስምምነቱም ቢሆን የ12,000 ዶላሩን መኪና 25,000 ብሎ ማስገመት ያው እርጥብ እህል ነው።

እስካሁን አድራሻው ወይም የሹፌሩ ስም ልክ ሳይሆን የተጻፈበት ወንድም ወይም እህት ካለ፣ ማስተካከያው ቀላል ነው። ወደ ወኪሉ ደውሎ መኪናው የሚያድርበትን ትክክለኛ ቦታና የሚነዳውን ሰው ማስመዝገብ፣ የተስተካከለውንም ውል በጽሑፍ መቀበል ነው። አረቦኑ ይጨምር ይሆናል። ቀደም ሲል ያልተከፈለው ልዩነትስ የሚለው ለዓሊም የሚቀርብ ጥያቄ ነው፤ ስልኩ ግን ዛሬ ሊደወል ይችላል። ወላሁ አዕለም።