ዳገቱ ሞተሩን፣ ቁልቁለቱ አንተን ይፈትናል

ልጄ፣ ትናንት ማታ ከበቆጂ ደውለህ «ጋሼ፣ ፕራዶዋ መውቂያውን ትጎትተዋለች ወይ?» ስትለኝ ቶሎ ያልመለስኩልህ በስልክ ተጀምሮ በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የአርሲን ገብስና ስንዴ ወደ አዳማ ያወረድኩ ሰው ነኝና የምልህን ረጋ ብለህ አንብበው።

ትጎትተዋለች። አንተ ግን መጠየቅ ያለብህ «ታቆመዋለች ወይ?» ብለህ ነው። መኸር ከታች ወደ ላይ እንደሚወጣ ታውቃለህ። የዴራና የኢተያ ስንዴ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሳጉሬና በቆጂ ይከተላሉ። ስለዚህ ያንተ የመጀመሪያ መንገድ ቁልቁለት ነው። በቆጂ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፣ አሰላ 2,430 ገደማ፤ ዴራ እስክትደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ።

እኛ አገር አየሩ ሳስ ያለ ነው። አሰላ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ሞተር ግን ሲደክመው ያጓራል፣ የሙቀት ቆጣሪው ይወጣል፣ ያስታውቅሃል። ፍሬን ግን ብዙም ሳያስጠነቅቅ ይከዳል።

ተሳቢ ከመያዜ በፊት በላንድሮቨር ምርጥ ዘር የተጫነ ተጎታች አመላልስ ነበር። አንድ ቀን ከኢተያ ወደ ዴራ ስወርድ ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ በዜሮ ማርሽ ለቀቅኳት። መንገዱ እንደ ዓባይ በረሃ ገደል አይደለም፤ ረጅምና ለስላሳ ነው፣ የሚያታልለውም ለዚህ ነው። እግሬን ፍሬን ላይ እንዳሳረፍኩ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ትንሽ ቆይቶ ፔዳሉ እንደ ሊጥ ለሰለሰና ወለል ነካ። የኋላው ጭነት ይገፋኝ ጀመር። እንደምንም ማርሹን ሦስተኛ፣ ቀጥሎ ሁለተኛ ከተትኩት፤ ሞተሩ እያጓራ ያዛት። አንዲት ትንሽ ዳገት ላይ ስትንፏቀቅ ረዳቴ ዘልሎ ወርዶ ታኮውን ከጎማው ሥር ወተፈው። ከጎማው ጭስ ይወጣ ነበር፤ የልጁ እጅ ሲንቀጠቀጥ ዛሬም ይታየኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳገቱን በወጣሁበት ማርሽ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ። አንተም እንደዚያው አድርግ። ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ብትሆንም ወደ ዝቅተኛው ማርሽ ዝቅ አድርጋት። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ፍጥነትህን ቀንስ። ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ያዝና ልቀቅ፤ ተደግፈህበት አትውረድ።

ሁለተኛው ነገር የጭነት አቀማመጥ ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ካመዘነ ተጎታቹ እንደ ውሻ ጭራ ይወዛወዛል፤ መኪናዋንም ይዟት ይሄዳል። ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው መጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት። ተጎታቹ ከነመውቂያው 15 ኩንታል ቢመዝን ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ኩንታል በአፍንጫው ላይ ይሁን። ይህን በዓይንህ አትገምት፤ የእህል ነጋዴውን ሚዛን አምጥተህ ከአፍንጫው ሥር አድርገህ ለካ። ያ ክብደት የመኪናዋም ጭነት ነው፤ አምስት ሠራተኛና የነዳጅ ጀሪካን ስትጨምርበት የኋላ ሞላዋ ይተኛል፣ የፊት ጎማዋ ይቀላል፣ መሪው አልታዘዝ ይልሃል። መወዛወዝ ከጀመረ ፍሬን አትርገጥ፣ ነዳጅም አትስጥ፤ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝና እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሳ።

ሦስተኛው፣ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ አባቶቻችን። ብዙ የመኪና አምራቾች የራሱ ፍሬን የሌለውን ተጎታች ከ750 ኪሎ በላይ አይፈቅዱም። ያንተ መውቂያ እጥፍ ነው። ብየዳ ቤቱ የሠራልህ ተጎታች ፍሬን ከሌለው ፍሬን ሳይገጠምለት ከግቢ አታውጣው፤ ካልተቻለም በትራክተር ይጎተት። በመጎተቻው ላይ ደግሞ ሁለት ሰንሰለት አቆላልፈህ እሰር፤ መንጠቆው ቢወልቅ አፍንጫው አስፋልቱን እንዳይወጋ ያንጠለጥለዋል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»ና ከመነሳትህ በፊት ፒኑን፣ ሰንሰለቱን፣ የኋላ መብራቱን፣ የጎማውን ንፋስ በእጅህ እየነካህ እይ። አሥር ኪሎ ሜትር ሄደህ ቁም፣ ድገመው። አሰላ ላይ ስትደርስ መዳፍህን ወደ ጎማዎቹ መሐል አስጠጋ፤ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚጋረፍ ከሆነ ፍሬኑ ይዟል ወይም ኩሽኔታው ታሟል ማለት ነው። የጋለውን ጎማ ውሃ አታፍስበት፤ ቆመህ ሻይ ጠጣ፣ ይቀዝቅዝ።

መኸር እንደሚያጣድፍ አውቃለሁ። ገበሬው ሳይዘንብብኝ ይላል፣ የባንክ ብድሩም ቀን ይቆጥራል። ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው በእህል ነው፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል። ንጋት ላይ ከበቆጂ ስትነሳ በመንገዱ ዳር በብርዱ የሚሮጡትን ልጆች ታያለህ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡበት መንገድ ነው። የፈረስ ጋሪው አለ፣ ወደ ገበያ የሚነዳው በግ አለ። ያንተ ፍሬን የእነሱም ነው።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። አንተን ግን መከራ እንዲመክርህ አልፈልግም፤ እኔን አንዴ መክሮኛል፣ ለሁለታችንም ይበቃል። ፍሬኑ ተገጥሞ ስታበቃ ደውልልኝ። አሰላ መናኸሪያ አጠገብ እጠብቅሃለሁ፤ ወደ ዴራ የምትወስደውን ቁልቁለት አጠገብህ ተቀምጬ አብረን እንወርዳታለን። ከዚያ በኋላ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ።