መጥፎ ፊልም አይቶ መሳቅ ነውር ነውን?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ተራ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ፊልም ማየት በራሱ የተፈቀደ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ለዑለሞቻችን ትቼዋለሁ። የእኔ ጥያቄ አይተን ከጨረስን በኋላ ስለምናደርገው ነው። ከቢሮ የሻይ ሰዓት አንስቶ እስከ ዒድ ምሽት ጨዋታ ድረስ «ያንን ፊልም አይታችሁታል?» እንባባላለን። ግሩም ያልነውን እናወድሳለን። ከግሩሙ ሌላ ግን አንድ ዓይነት ፊልም አለ፤ የማይረባ መሆኑን ልቦናችን እያወቀው የምንወደው። ተዋናዩ እንደ እንጨት የደረቀ፣ ድብድቡ የልጆች ጨዋታ የሆነ፣ ሞቶ የተቀበረው ሰው ሳይታሰብ ከጓዳ የሚወጣበት ፊልም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደጋግመን የምናየው እሱኑ ነው። ለመሆኑ በእንዲህ ያለው ፊልም ስንደሰት የምንስቀው በማን ላይ ነው?

ይህን ጥያቄ እንዳስብበት ያስገደደችኝ ሙጃ ናት። የግዳን ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሙጃ በላስታ ተራሮች ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ስትሆን፣ እኔም ልጅነቴን ያሳለፍኩት በዚያ ነው። በ1988 ዓ.ም. ገደማ አንድ ሰው ከወልድያ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ አስመጥቶ በጄኔሬተር የሚሠራ ቪዲዮ ቤት ከፈተ። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነበር። መስኮቱ በጆንያ ተጋርዷል፤ እኛ አግዳሚ ላይ ተጣብቀን እንቀመጣለን፤ የጄኔሬተሩ ጩኸት የፊልሙን ድምፅ ይውጠዋል። ድምፁ ቢሰማም አይጠቅመንም፣ ፊልሙ የሕንድ ነውና። ስለዚህ ባለቤቱ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ይተረጉምልን ነበር። ችግሩ እሱም ከሕንድ ቋንቋ አንዲት ቃል አለማወቁ ነው።

«ሾሌ»ን ያየሁት በእሱ ትርጉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን ይህን ፊልም መርካቶና ፒያሳ ያደጋችሁ ሳታውቁት አትቀሩም። ገባር ሲንግ የተባለ ሽፍታ ሁለት እጆቹን የቆረጠበት የቀድሞ ፖሊስ ሁለት ሌቦችን ቀጥሮ ሽፍታውን የሚያሳድንበት ታሪክ ነው። ፖሊሱ በፊልሙ ውስጥ ለረዥም ጊዜ ትከሻው ላይ ፎጣ መሳይ ጨርቅ ደርቦ ይታያል። ተርጓሚያችን «ጋቢውን የማያወልቀው ብርድ ስለማይችል ነው» አለን። እኛ የሙጃ ልጆች ነንና አመንነው። ኋላ ጨርቁ ወድቆ እጅ የሌለው መሆኑ ሲታይ ተርጓሚውም ከእኛ እኩል ደነገጠ። መጨረሻ ላይ አሚታብ ባቻን በጓደኛው እቅፍ ሲሞት ደግሞ ቤቱ በልቅሶ ሊፈርስ ደረሰ። በቪዲዮ ቤት ሕግ አክተር አይሞትማ! ተርጓሚው ግራ ቀኙን አየና «አይዟችሁ፣ አልሞተም፤ ራሱን ስቶ ነው፤ አሁን ወልድያ ሆስፒታል ይወስዱታል» ሲል አጽናናን። ደስ ብሎን ወደየቤታችን ሄድን።

መሞቱን ያወቅሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ፊልሙን ከነትርጉም ጽሑፉ ሳየው ነው። (ለነገሩ መጨረሻውን የለወጠው የእኛ ሰው ብቻ አልነበረም። አዘጋጁ መጀመሪያ በቀረጸው ፍጻሜ እጅ የለሹ ፖሊስ ሽፍታውን ይገድለዋል፤ የሕንድ ሳንሱር ግን አላሳልፍም በማለቱ ለሕዝብ የቀረበው ፖሊሶች ደርሰው ሽፍታውን ሲያስሩት የሚያሳየው ሆነ።) ያም ሆኖ ከሁለቱ «ሾሌ»ዎች ይበልጥ የምወደው የሙጃውን ነው። ተርጓሚው ይዋሽ እንደነበር ከፊላችን እናውቅ ነበር፤ ፊት ለፊቱም እንስቅበት ነበር፤ እሱም አብሮን ይስቅ ነበር። በዚያ ሳቅ የተጎዳ ሰው ያለ አይመስለኝም።

በኡጋንዳ መዲና በካምፓላ፣ ዋካሊጋ በሚባል ሰፈር ናብዋና የተባለ የፊልም ሰው እ.ኤ.አ. በ2010 «ካፕቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የሚል ፊልም እጅግ በጥቂት ገንዘብ ሠርቷል። በፊልሙ ላይ ልክ እንደ ሙጃው ሰውዬ ከላይ ሆኖ የሚያወራ፣ የሚያሾፍ፣ ተመልካቹን የሚያሟሙቅ ድምፅ አለ። እዚያም ሠሪውና ሳቂው በአንድ ማዕድ ላይ ናቸው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው «ዘ ሩም» ግን ሌላ ነው። ቶሚ ዊዞ የተባለው ሰው ጽፎ፣ ገንዘቡን አውጥቶ፣ አዘጋጅቶ፣ ራሱ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሆኖ የተጫወተበት ልብ የሚሰብር የፍቅር ታሪክ መሆኑ ነበር። ወጪው ስድስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ይነገራል። ተመልካቹ ግን በሳቅ ፈረሰ፤ ዛሬም ድረስ እኩለ ሌሊት ላይ ተሰብስቦ የፕላስቲክ ማንኪያ ወደ ስክሪኑ እየወረወረ ያየዋል። ሰውዬውም ከጊዜ በኋላ ፊልሙን የቀልድ ፊልም ነው ይል ጀመር። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። ሰው ከሳቃችን የተነሳ ምን አስቦ እንደሠራ እንኳ ለመካድ ከተገደደ፣ ከእጁ የወሰድንበት ነገር የለምን?

በ2011 ዓ.ም. ለዐረፋ በዓል ወደ ሙጃ ሄድኩ። የነሐሴ ጉም ከተማዋን ውጧታል። የእህቴ ልጅ በሞባይል ስልኩ ፊልም መሥራቱን ነገሩኝና ከበዓሉ ምሳ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቶ፣ ከፍላሽ ወደ ቴሌቪዥን ተከፍቶ አየነው። አርባ ደቂቃ ያህል ይሆናል። ትምህርታቸውን ትተው በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ስለሚሰደዱ ልጆች ነው። ደላላ ሆኖ የሚጫወተው ጎረምሳ ከጥቁር በግ ጠጉር የተሠራ ጢም ለጥፏል፤ በተናገረ ቁጥር ጢሙ ወደ አንድ ጆሮው ይሄዳል። ጀልባው የከብት ማጠጫ ገንዳ ነው። ባሕሩ ደግሞ የእህል ክምር ከዝናብ የሚሸፈንበት ሰማያዊ ሸራ ሲሆን፣ ዳርና ዳር የቆሙ ልጆች ማዕበል እንዲመስል ያራግቡታል። ጀልባው ሊገለበጥ በተቃረበባት ሰዓት ከሸራው ሥር ኮንጎ ጫማ ያደረገ እግር ብቅ አለ።

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ብቻዬን አልነበርኩም፤ ግማሹ ቤት ስቋል። ዓይኔን ልጠርግ ዞር ስል ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ የምትንሰቀሰቅ አንዲት እናት አየሁ። ልጇ በዚያው መንገድ ሄዶ ባሕር ላይ የቀረባት ሴት ናት። ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ማታ ልጁ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና «ጋሼ፣ እንዴት አዩት?» አለኝ።

«ማሻአላህ፣ ግሩም ነው! በርታ» አልኩት።

«ታዲያ ምን አሳቀዎት?»

«አጠገቤ የነበረው ሕፃን ነው ያሳቀኝ» ብዬ ዋሸሁት። ማመኑን እንጃ፤ ዝም አለ። በማግስቱ ሻንጣዬን ይዞ መኪና ድረስ ሸኘኝና «እርስዎ የሳቁበትና እሷ ያለቀሰችበት ቦታ አንድ ነው። ከሁለታችሁ የተሳሳተው ማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ረዳቱ ግቡ ግቡ እያለ ሲጮኽ ሰበብ አገኘሁና መልስ ሳልሰጠው ተሳፈርኩ።

እስከ ወልድያ ድረስ ያለውን ቁልቁለት ስወርድ የማስበው ይህንኑ ነበር። መጀመሪያ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ፤ ሸራው ሸራ ነው፣ ዓይኔ አልተሳሳተም፤ እሷን ያስለቀሳት የራሷ ሐዘን እንጂ ፊልሙ አይደለም፣ የልጇን ስም ቢጠሩባትም ታለቅስ ነበር አልኩ። ቆይቶ ግን ይህ መልስ አላረካኝም። እኛ ጎልማሶቹ ከተዝካሩ በኋላ በእሷ ፊት ያንን ባሕር በስሙ ጠርተን አናውቅም፤ እንዳናስታውሳት ብለን ወሬ እንቀይራለን። አንድ ጎረምሳ ግን በሸራ ሠርቶ ፊቷ አቀረበው። ፊልሙ መጥፎ ነው ማለቴን ዛሬም አልተውኩም። ሆኖም መጥፎ ፊልም እንዲህ ያለ ሥራ ሊሠራ መቻሉን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር፤ አሁንም በቅጡ ገብቶኛል አልልም።

ሳቁን በተመለከተ፣ ዲናችን በሰው ላይ ማላገጥንና ሐሜትን አጥብቆ እንደከለከለ ሁላችንም እናውቃለን። ወንድምህ ቢሰማው የሚጠላውን ከኋላው መናገር እውነት ቢሆንም ሐሜት ነው፤ ውሸት ከሆነማ ከሐሜት ይብሳል። ታዲያ ስለ ሰው ሥራ ክፉ መናገር ሁሉ ሐሜት ነው ማለት ነውን? የሐዲስ ሊቃውንቶቻችን «ጀርሕ ወተዕዲል» በሚባለው ዕውቀት ዘጋቢዎችን በስማቸው እየጠሩ ይመዝኑ ነበር። ይህኛው ታማኝ ነው፣ ያኛው ደግ ሰው ቢሆንም የማስታወስ ችሎታው ደካማ ስለሆነ ዘገባው አይወሰድም ይሉ ነበር። ለሰውዬው ደግነት ያላቸው አክብሮት ከእውነቱ አላገዳቸውም፤ ከሚያስፈልገው በላይም አልተናገሩም። (ፊልምን ከሐዲስ ጋር ማነጻጸሬ አይደለም፤ ቃሌን አስፍቼው ከሆነ አላህ ይማረኝ።) ልብ ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ ሊቃውንቱ የሚናገሩት ሰው ይጠቀምበት ዘንድ ነው። የእኔ ሳቅስ ማንን ጠቀመ?

እዚህ ላይ ለሳቁ አንድ ጥብቅና ልቁምለት። በቸልታ የተሠራ፣ ሸማቹን ንቆ ገንዘብ ለመሰብሰብ ብቻ የወጣ ፊልም አያስቅም፤ ያናድዳል እንጂ። የሚያስቀን ሠሪው ከልቡ የደከመበት፣ ያለመውና የደረሰበት የተራራቁበት ነው። ስለዚህ ሳቃችን ውስጥ ለኢኽላሱ የሆነ እውቅና አለ። በደሉ ያለው ሌላ ቦታ ነው። እኔ የበደልኩት የእህቴን ልጅ ሸራው ላይ በመሳቄ አይመስለኝም። ስቄበት ሳበቃ «ግሩም ነው» በማለቴ ነው። ከከተማ የመጣሁ፣ ብዙ አይቷል የምባል ሰው ነኝ፤ ሊማርበት የሚችለውን ነገር በማሻአላህ ሸፍኜ ነፈግሁት።

ይህ አመላችን ደግሞ በመጥፎ ፊልም ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» መጀመሪያ ሳየው እንቅልፍ ወስዶኛል። እ.ኤ.አ. በ1974 በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ ተዋናይነት ሙያቸው ያልሆነ የገጠር ሰዎች የሚታዩበት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚፈጅ ፊልም ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ግን «ወደር የለውም!» እል ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ሳየው በእርግጥም ወደር የሌለው መሆኑ ገባኝ፤ ባለርስቱ የሚጮኽበትና ገበሬው ዝም የሚልበት ያ ርዝመት ለካስ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሆኖም የመጀመሪያው ውዳሴዬ ውሸት መሆኑ አልቀረም። ያልወደድነውን ማወደስ ለባለሙያው ክብር ይመስለናል፤ የምንጠብቀው ግን የራሳችንን ስም ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለልጁ ስልክ ደወልኩለትና ሕፃኑ አለማሳቁን፣ ያሳቀኝ እግሩ መሆኑን ነገርኩት። «አውቄያለሁ» አለኝ። የበግ ጠጉሩ ጢም ይውጣ፣ ሙዚቃው ንግግሩን ውጦታል ብዬ ቀጠልኩ። እናትየዋ አንዲት ቃል ሳትናገር ለልጇ በሶ የምትቋጥርበት ትዕይንት ግን ከብዙ ትላልቅ ፊልሞች የሚበልጥ መሆኑን ነገርኩት፤ ይህን የተናገርኩት ከልቤ ነው። እሱ ይህን ትዕይንት ከቁም ነገርም አልቆጠረውም ነበር፤ ደቂቃ ለመሙላት ያስገባው ነው።

ከዚያ ወደ ባሕሩ መጣሁ። ብዙዎቻችን ደጋግመን ያየነውን የሙስጠፋ አቃድን «አር-ሪሳላ» አነሳሁለት። እ.ኤ.አ. በ1976 በዐረብኛና በእንግሊዝኛ፣ በተለያዩ ተዋንያን ሁለት ጊዜ የተሠራ ፊልም ነው። የነጃሺው ችሎት ለሐበሻ ዓይን እንግዳ ነው፤ አለባበሱም የእኛ አይመስልም፤ ቢሆንም ጃዕፈር ሲናገር የሚስቅ ሰው አላየሁም። አቃድ ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ማሳየት ቀርቶ ድምፃቸውንም ማሰማት አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህ ካሜራውን በቦታቸው አቆመው፤ ሰዎቹ ወደ ካሜራው ሲያዩ ፊታቸው ላይ ያለው ነገር ለእኛ በቂ ሆነ። «አንተም ባሕሩን አታሳየን» አልኩት። «የልጆቹን ፊት አሳየን። ከጀሪካን ውኃ አንቆርቁርና ድምፁን ቅዳ። ባሕሩን እኛው እንሠራዋለን።»

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። የተቀየመኝ መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ጢሙን አወጣዋለሁ» አለኝ። «ሙዚቃውንም እቀንሳለሁ። ቀጥሎ ለምሠራው ስለ ፊቱ ያሉኝን እይዛለሁ። በዚህኛው ግን ሸራው አይወጣም።»

«ለምን?»

«ያቺ እናት ከጁምዓ በኋላ እየመጣች ክፈትልኝ ትለኛለች። ሌላውን ሁሉ ዝለለው፣ እዚያ ቦታ ላይ አቁምልኝ ትለኛለች።»