በሬውም የሚያርፍበት ቀን

በሕክምና ትምህርት ቤት ማንም በጽሑፍ ያላሰፈረው፣ ተማሪው ግን ነጭ ጋውን በለበሰ ሰሞን የሚቀበለው አንድ እምነት አለ፤ እንቅልፍ ያጣ ጎበዝ ነው። ቀን ራውንድ፣ ማታ ንባብ፣ ኢንተርን ሲሆን ደግሞ ዛሬ ጠዋት ተጀምሮ ነገ ከሰዓት የሚያልቅ ዱቲ። «ተኝተሃል?» ሲባል «የት ተኝቼ!» የሚለው መልስ እንደ ማዕረግ ይነገራል። ጉዳዩን የአስተዳደር ብቻ አድርገን ካየነው ሥሩን እንስተዋለን፤ ድካምን የጽድቅ ምልክት ያደረገ እምነት ነውና። ለሕሙማን ሲል ራሱን የካደ ሰው ቅዱስ ሥራ ሠራ እንላለን፤ ባለእንቅልፉን ደግሞ በልባችን እንታዘበዋለን። የእኔ ሙግት ይህ ነው፦ ለሐኪምና ለሕክምና ተማሪ እረፍት በፈቃድ የሚሰጥ ችሮታ ሳይሆን ትእዛዝ መሆን አለበት፤ የደከመ ሰው ስለ ራሱ ድካም የታመነ ምስክር መሆን አይችልምና።

ይህን የምለው ከስሜት ተነሥቼ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ለ17 ሰዓት ያህል ነቅቶ የቆየ ሰው እጁና ዐይኑ የሚቀናጁበት ብቃት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚስተካከል አሳየ። ከዚህ ይልቅ የሚያስደነግጠው በ2003 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ነው። ሰዎች ለ14 ቀን በየሌሊቱ 6 ሰዓት ወይም ከዚያ ያነሰ ብቻ እንዲተኙ ተደረገ። ትኩረታቸው ከቀን ወደ ቀን አሽቆልቁሎ ጭራሽ እስከ ሁለት ሌሊት ካልተኛ ሰው ጋር እኩል ሆነ፤ እነሱ ግን ትንሽ እንቅልፍ እንደተጫናቸው ብቻ ነበር የሚናገሩት። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የሕፃን የጄንታማይሲን መጠን በኪሎ የሚያሰላውን ኢንተርን እናስብ። የስክሪብቶው መስመር ወደ ታች እየሸሸ ነው፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ጽፎታል። ነጥቧ በአንድ ቤት ብትንሸራተት መድኃኒቱ አሥር እጥፍ ይሆናል። እሱን ብትጠይቁት «ደኅና ነኝ» ይላችኋል፤ አይዋሽም፤ ደኅና አለመሆኑን የሚነግረው ያው አእምሮ ነው የደከመው።

ስለ ሰንበት የተሰጠው ሕግ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ኦሪት «ከደከመህ አረፍ በል» ብላ ለሰው ምርጫ አልተወችውም፤ ቀን ቆርጣ አዘዘች። ደግሞም ትእዛዙ የደረሰው ለቤቱ ጌታ ብቻ አይደለም፤ ሎሌውን፣ ገረዲቱን፣ መጻተኛውን፣ በሬውንና አህያውን ጭምር ይቆጥራል። ለምን? እነዚህ ሁሉ «ልረፍ» ብለው መጠየቅ የማይችሉ ናቸውና። ኢንተርኑም በማዕረግ መሰላሉ ታችኛው ደረጃ ላይ ነው፤ ውጤቱን የሚሞሉለት፣ ምስክር የሚሆኑለት እነዚያው ዱቲ የሚመድቡት ናቸው። በአገራችን የሰንበት እረፍት ጥያቄ እንደ ቀላል ነገር ታይቶ አያውቅም። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚት ሰንበት ትከበር በማለታቸው ተገፍተው ወጥተው አርመን አገር ነው ያረፉት፤ ተከታዮቻቸውም ብዙ ዘመን ከተሰደዱ በኋላ ነው ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እልባት ያገኘው። ስለ እረፍት ቀን ይህን ያህል ዋጋ የከፈለ ሕዝብ ልጆቹን እንቅልፍ በማጣት ሲያመሰግን መስማት ያሳዝናል።

በሽተኛ ሰንበት አያውቅም የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። ጌታም በሰንበት ፈውሷል። ነገር ግን በሰንበት መፈወስ ተፈቀደ ማለት ፈዋሹ ከቶ አይረፍ ማለት አይደለም፤ ሉቃስ እንደጻፈው ሕዝቡ ሊፈወስ እየጎረፈ ሳለ እርሱ ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ ይል ነበር። ሌላው ተቃውሞ ከራሳችን ባህል የሚነሣ ነው፤ ቆሎ ተማሪው በረሃብና በብርድ፣ ለምኖ እየበላ፣ ሌሊት ዜማ እያጠና አይደለም ወይ ሊቅ የሆነው? ክብሩን አልነሣውም። ቢሆንም መከራው የሚያርፈው በራሱ ሥጋ ላይ ነው፤ ዜማው ቢሰበር መምህሩ ያርመዋል። የኢንተርኑ ድካም ግን የሚያርፈው ከፊቱ በተኛው ሰው ላይ ነው። በራስ ላይ የሚወሰድ ተጋድሎና በሌላ ሰው ላይ የሚጫን አደጋ አንድ ስም ሊሰጣቸው አይገባም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ከጥናት የሚመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ከ24 ሰዓት በላይ የሚዘልቅ ዱቲ በተለመደበት ፕሮግራም የሠሩ ኢንተርኖች ከባድ ስሕተታቸው በ36 በመቶ እንደሚበልጥ አገኘ። በ2016 እና በ2019 የወጡት ሰፋፊ የአሜሪካ ጥናቶች ግን ረጅም ዱቲ ስለተፈቀደ ብቻ የሞት ቁጥር አልጨመረም አሉ። ዱቲ አጥሮ ሐኪም ሲቀያየር የታማሚው ታሪክ በመሐል ይጠፋልና ውጤቱ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ይሁንና በእነዚያ ጥናቶች ሁለቱም ወገኖች በሳምንት የ80 ሰዓት ጣሪያ ነበረባቸው፤ የተመዘነው የሰዓቱ አደላደል እንጂ ጣሪያ የለሽ ሥራ አልነበረም። ጣሪያው ራሱ በሕግ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ወጣቷ ታማሚ ሊቢ ዛየን በተለማማጅ ሐኪሞች እጅ ሳለች ከሞተች በኋላ ኒውዮርክ ደነገገችው፣ በ2003 አገር አቀፍ ሆነ። ያለ ገደብ መሥራትን ያወረሰው የአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ሥርዓት መሥራች ዊልያም ሃልስቴድ ደግሞ ኮኬይንን ለማደንዘዣነት ሲሞክር የሱሱ ሰለባ የሆነ፣ ቀጥሎም ከሞርፊን ያልተላቀቀ ሰው ነበር። ጣሪያ የሌለውን ልማድ የተፈጥሮ ሕግ አድርገን ከመቀበላችን በፊት ይህን ማወቅ ይገባናል።

«ሐኪም በሌለበት አገር ማን ይተካው?» የሚለው ጥያቄ ይቀራል። በኢትዮጵያ ሐኪም ለአሥር ሺህ ሰው አንድ ገደማ ነውና ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ኢንተርኑ ቢተኛ ወረፋው ይረዝማል፤ ይህን ዋጋ መካድ አልፈልግም። ነገር ግን አሁንም ዋጋው ይከፈላል፤ ልዩነቱ ማን እንደሚከፍለው አለመታየቱ ነው። ወረፋ የጠበቀች እናት መጠበቋን ታውቃለች፤ ትቆጣለች፣ ትጠይቃለች። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ልጇን አቅፋ ካርዱን የምትሰጥ እናት ግን ተቀባዩ ስንት ሰዓት እንደነቃ አታውቅም፤ እሱም አይነግራትም፤ ካርዱ ላይ የሚጻፈው የልጁ ሙቀትና ክብደት ብቻ ነው።