ጠባቂን ዝም ማሰኘት

በካናዳ ብርድ መኪናን ከቤት ሆኖ በሪሞት ማስነሳት ቅንጦት አይደለም። ነገር ግን ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ አብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች ኢሞቢላይዘር እንዲኖራቸው የአገሪቱ ደንብ ያስገድዳል፤ የቁልፉ ቺፕ ካልተነበበ ሞተሩ አይሠራም፣ አላርም ካለም በሩ ያላግባብ ሲከፈት ይጮኻል። ስለዚህ የሪሞት ማስነሻውን የሚገጥመው ባለሙያ የአላርሙን ማጥፊያ ሽቦ ከአዲሱ መሣሪያ ጋር ያገናኛል፤ አንዳንዴም መለዋወጫ ቁልፉን ከዳሽቦርዱ ሥር ይደብቃል። ማሽኑ ምልክትን እንጂ ሰውን አያውቅም። አደራው ያለው ሽቦውን በነካው ሰው እጅ ነው፤ ጥፋቱም ጠባቂውን ዝም ማሰኘቱ ሳይሆን ባለንብረቱ ሳያውቅ ማድረጉ ይመስለኛል።

ደንበኛው ራሱ ጠይቆ የለም ወይ ይባል ይሆናል። የጠየቀው ሙቀት ነው፤ ጥበቃው እንዲላላ ግን አልፈቀደም፣ ያላወቁትን መፍቀድ አይቻልምና። ሌባ መስታወት ሰብሮም ይገባል የሚለው ክርክር ከበድ ይላል፤ እውነትም ነው። ሆኖም መኪና ውስጥ መግባትና መኪናውን ይዞ መሄድ ይለያያሉ፣ የተደበቀው ቁልፍም ይህን ልዩነት ሊያጠፋው ይችላል። ጠንቃቃ ባለሙያ የተደበቀው ቁልፍ ምልክት በሪሞት ሲነሳ ብቻ እንዲደርስ በሪሌይ ይቆርጠዋል፤ ፍሬን ሲረገጥም ትክክለኛው ቁልፍ ከሌለ ሞተሩ እንዲጠፋ ያደርጋል። ሒሳብ ከመቀበሉ በፊትም ይህን ሁሉ ለባለመኪናው ከፍቶ ያሳየዋል።